በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚገኙ መርዛማ ጋዞችና የብረታ ብረት ብናኞች፦ በአጅባርና በአካባቢው ለሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎች

መግቢያ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በአጅባርና በመካነ ሰላም እንዲሁም በዙሪያቸው በሚገኙ ትንንሽ ከተሞች፣ «የሥራ ቦታ» ሲባል ትልቅ ፋብሪካ ወደ ሐሳብ አይመጣም። የሥራ ቦታ በአብዛኛው በቆርቆሮ የተከደነ፣ በሩ ወደ መንገድ የተከፈተ አንድ ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ የቤት በርና መስኮት ከላሜራና ከቱቦላሬ ይበየዳል፤ ራዲያተር ይጠገናል፤ እህል በናፍጣ ሞተር ይፈጫል፤ ማረሻ በከሰል እሳት ግሎ ይቀጠቀጣል። ከተሞቹ እየሰፉና ግንባታ እየተስፋፋ በሄደ መጠን በእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች ቁጥርም አብሮ ያድጋል።

እነዚህ ሠራተኞች ሲታመሙ «የሥራ በሽታ ይዞኛል» ብለው ወደ ጤና ተቋም አይመጡም። የሚናገሩት ስለ ትኩሳት፣ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ሆድ ቁርጠት፣ ስለ ሳል ነው። ለእነዚህ ምልክቶች ደግሞ ለሁላችንም ቅርብ የሆኑ ስሞች አሉ፦ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ጨጓራ፣ ሳንባ ነቀርሳ። በዚህ ምክንያት በሽተኛው የማያስፈልገውን መድኃኒት ይዞ ወደዚያው ወደ በሽታው ምንጭ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚገኙ ዋና ዋና መርዛማ ጋዞችና የብረታ ብረት ብናኞች የሚያስከትሉትን ጉዳት ማብራራትና ይህን ጉዳት ያለ ውድ መሣሪያ፣ በጥያቄ ብቻ ለመጠርጠር እንደሚቻል ማሳየት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢጣሊያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪም ለበሽተኛው ከሚያቀርባቸው የተለመዱ ጥያቄዎች ላይ የበሽተኛው ሥራ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እንዲታከል መክሮ ነበር። በአገራችንም ጥያቄው በቀረበበት ቦታ ሁሉ በሽታው ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥናት፣ በጥጥ ብናኝ ሳቢያ የሚመጣው ቢሲኖሲስ የተባለ የሳንባ በሽታ በጥጥ ማናፈሻ ክፍል ሠራተኞች ዘንድ 43 በመቶ፣ በማበጠሪያ ክፍል ደግሞ 38 በመቶ በሚጠጉት ላይ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በጅማ ከተማ የተመረመሩት የጋራዥ ሠራተኞች በሙሉ በደማቸው ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በላይ እርሳስ (ሊድ) እንደነበራቸው ታውቋል፤ ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ከ20 በላይ ነበራቸው።

ብክለቱ ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድ

በአየር ውስጥ የሚገኝ ብክለት በጋዝ፣ በተን፣ በብናኝ ወይም በጢስ መልክ ሊሆን ይችላል። ብናኝ ጠጣር ነገር ሲፈጭ፣ ሲቆረጥ ወይም ሲሞረድ የሚወጣ ነው። የብረት ጢስ የሚባለው ግን ብረት በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦና ተንኖ ወደ አየር ሲወጣ፣ ቀዝቅዞና ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው እጅግ የደቀቀ ጠጣር ነው።

የቅንጣቱ መጠን የሚያርፍበትን ቦታ ይወስናል። ከ10 ማይክሮን የሚበልጡት አብዛኞቹ በአፍንጫና በጉሮሮ ላይ ይቀራሉ፤ ከ4 እስከ 5 ማይክሮን የሚሆኑትና ከዚያም የሚያንሱት እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ይደርሳሉ። ከብየዳ የሚወጣው ጢስ በአብዛኛው ከ1 ማይክሮን በታች ስለሆነ ከአፍንጫ ጸጉርም ሆነ አፍ ላይ ከታሰረ ነጠላ ያመልጣል። ሠራተኛው «አቧራውን አያለሁ፣ እጠነቀቃለሁ» ቢልም ይበልጥ የሚጎዳው በዓይን የማይታየው ክፍል ነው።

የጋዞች ጉዳት በውኃ የመሟሟት ባሕርያቸውን ይከተላል። እንደ አሞኒያ፣ ክሎሪንና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያሉት በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሙ ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ወዲያውኑ ያቃጥላሉ፤ ሠራተኛውም ይሸሻል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን የመሳሰሉት ግን እምብዛም ስለማይሟሙ ሠራተኛው ሳይሰማው ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባሉ። ስለሆነም አነስተኛ ምልክት ማለት አነስተኛ ጉዳት ማለት አይደለም።

አፋኝ ጋዞች

ካርቦን ሞኖክሳይድ። ነዳጅ፣ እንጨት፣ ኩበት ወይም ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በቤት ውስጥ የተነሣ ጄኔሬተር፣ የቀጥቃጭ የከሰል ምድጃ፣ ለብርድ መከላከያ በተዘጋ ክፍል የተቀመጠ ማንደጃ ዋና ዋና ምንጮቹ ናቸው። እንጀራ በመጋገርና አረቄ በማውጣት የሚተዳደሩ ሴቶችም ቀኑን ሙሉ ለዚሁ ጋዝ የተጋለጡ ሠራተኞች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

በደጋው አገር ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከ2500 እስከ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚተነፈሰው አየር የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አራተኛና ከዚያም በላይ ዝቅተኛ ነው። በዚህ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሄሞግሎቢኑን ከፊል ሲይዝ የሚቀረው ተጠባባቂ አቅም ጠባብ ይሆናል። ብርዱም ሰዎች በርና መስኮት እንዲዘጉ ያስገድዳል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ግራ መጋባት ሲሆኑ ከባድ ሲሆን ራስን መሳትና ሞት ያስከትላል። በአንድ ክፍል የነበሩ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ይህን መጠርጠር ይገባል። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ወጥመድ አለ፦ የተለመደው ፐልስ ኦክሲሜትር በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው ስለማይለይ፣ በሽተኛው እየታፈነም መሣሪያው መልካም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለሆነም በቁጥሩ ተማምኖ ኦክስጅን መከልከል ስሕተት ነው። ጋዙ በተራ አየር በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሲፈጅበት፣ በከፍተኛ መጠን በጭምብል በሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ግን ከ1 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ጋዙ ከፅንሱ ደም ቀስ ብሎ ስለሚወጣ እርጉዝ ሴት ከሌሎች ረዘም ላለ ጊዜ ኦክስጅን ልታገኝ ይገባል። ከዳነ በኋላም ከቀናት እስከ ሳምንታት ዘግይቶ የመርሳት፣ የጠባይ ለውጥና የእንቅስቃሴ መዛባት ሊከተል ስለሚችል በሽተኛው ለክትትል መቀጠር አለበት።

የጉድጓድ ጋዞች። የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ፣ መጸዳጃ የሚያጸዱና እህል ከተከማቸበት ጉድጓድ የሚያወጡ ሰዎች ለካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ለሚቴንና ለሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይጋለጣሉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በአነስተኛ መጠን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን የማሽተት ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሽታው መጥፋቱ የደኅንነት ምልክት ሊሆን አይችልም። በነዳጅ የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ማውረድም በካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ጧፍ ወይም ኩራዝ አውርዶ መሞከር የኦክስጅን ማነስን ሊጠቁም ቢችልም ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድን አያሳይም፤ ሚቴን ካለም ፍንዳታ ያስነሣል። በእነዚህ አደጋዎች ብዙ ጊዜ የሚሞተው መጀመሪያ የገባው ሰው ብቻ አይደለም፤ ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን ለማውጣት ተከትሎ የሚገባው ጭምር ነው። ማኅበረሰቡ ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢማር እንኳ የብዙ ሰው ሕይወት ይተርፋል።

ፎስፊን። በእህል መጋዘን ነቀዝን ለማጥፋት የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። መድኃኒቱ በተቀመጠበት ክፍል ወይም አጠገቡ የሚያድሩ የመጋዘን ጠባቂዎች፣ ነጋዴዎችና ቤተሰቦቻቸው ለአደጋ ይጋለጣሉ። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የደረት መጨነቅና ራስ ምታት ከታዩ በኋላ የደም ግፊት መውረድ፣ የልብ ምት መዛባትና የሳንባ ውኃ መቋጠር ሊከተሉ ይችላሉ። ማርከሻ የለውም። በሽተኛውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ልብስ መቀየር፣ ኦክስጅን መስጠት፣ ልብንና ግፊትን መከታተልና በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል።

ዘግይተው ሳንባን የሚጎዱ ጋዞች

ብየዳ ከጢሱ በተጨማሪ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ኦዞን ያመነጫል። በተለይ በውኃ ታንከር ውስጥ ወይም በጠባብ ዝግ ክፍል ሲበየድ መጠናቸው ከፍ ይላል። ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ ቀላል ሳል ብቻ ይሰማው ይሆናል፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለሆነም በዝግ ቦታ በይዶ ሳል የጀመረውን ሰው «ደረትህ ንጹሕ ነው» ብሎ ወዲያው ማሰናበት አይገባም፤ ቢያንስ እስከ ማግስቱ በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። ይህ መንገድ ሩቅ በሆነበት አገር ይበልጥ እውነት ነው፤ ሌሊት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ከገጠር ቀበሌ አጅባር ወይም መካነ ሰላም እስኪደርስ ሊዘገይ ይችላል።

የብረታ ብረት ጢስና ብናኝ

የብረት ጢስ ትኩሳት። የቤት ክዳን ቆርቆሮና ሌላም እንዳይዝግ ተብሎ የተለበጠ ብረት ዚንክ አለበት። ሲበየድ ወይም በእሳት ሲቆረጥ ዚንኩ ተንኖ ነጭ ጢስ ይሆናል። ጢሱን የተነፈሰ ሠራተኛ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ቆይቶ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ውኃ ጥም፣ የጡንቻ ሕመም፣ በአፉ ውስጥ የብረት ጣዕምና ደረቅ ሳል ይሰማዋል።

ለምሳሌ አንድ የ24 ዓመት በያጅ ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ ሲያንቀጠቅጠው አድሮ በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። የደም ፊልም ምርመራው ነጻ ነው፤ ነጭ የደም ሴሉ ግን ጨምሯል። ሥራው ካልተጠየቀ የቪዳል ምርመራ ይታዘዝና ለታይፎይድ አንቲባዮቲክ ይጻፍለታል። በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይሻለዋል፤ እርሱም ባለሙያውም መድኃኒቱ እንዳዳነው ያምናሉ። እውነታው ግን ሕመሙ በራሱ ጊዜ የሚለቅ መሆኑ ነው። የሚያስፈልገው ዕረፍት፣ ፈሳሽና የትኩሳት ማስታገሻ ብቻ ነበር።

የሚለየው ምልክት የጊዜ አካሄዱ ነው። ሰውነት ለጢሱ በቀናት ውስጥ ለጊዜው ይለመዳል፤ በዕረፍት ቀን ልማዱ ይጠፋል። ስለዚህ ትኩሳቱ ከእሑድ ዕረፍት በኋላ ሰኞ፣ ወይም ከፋሲካና ከገና በዓል ማግስት ሥራ ሲጀመር ይብሳል። እዚሁ ላይ «ሰሞኑን ወደ ዓባይ ወይም ወደ በሽሎ ሸለቆ ወርደው ነበር?» ብሎ መጠየቅም ይጠቅማል፤ ከደጋው ሳይወርድ በየሰኞው የሚያንቀጠቅጠውን ሰው ከወባ ይልቅ ሥራው ሊያስጠረጥር ይገባል። ይሁን እንጂ የወባ ምርመራው ሊታለፍ አይገባም።

አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። በአንዳንድ የብር ማጣበቂያና በተለበጡ ብሎኖች ላይ የሚገኘው ካድሚየም በመጀመሪያው ቀን ተመሳሳይ ትኩሳት ያመጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ለሞት የሚያደርስ የሳንባ ብግነት ሊከተል ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ የኦክስጅን መጠን መውረድ ወይም በሳንባ ላይ የሚሰማ መንኮሻኮሽ ያለበት ሰው «የብረት ጢስ ትኩሳት ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ መሰደድ የለበትም።

እርሳስ። ባትሪ የሚፈታና የሚያድስ፣ ራዲያተር በእርሳስ ቅይጥ የሚጠግን፣ አሮጌ ቀለም የሚፍቅ ሰው ይጋለጣል። በሊድ የተደባለቀ የመኪና ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ገበያ ጠፍቷል፤ የባትሪ እርሳስ ግን አልጠፋም። ምልክቶቹ ቀስ ብለው ይመጣሉ፦ የሆድ ድርቀትና ቁርጠት፣ ድካም፣ የደም ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የደም ግፊት መጨመር፣ የኩላሊት መጎዳት፣ የመካንነት ችግር፣ ሲከፋም የእጅ አንጓ መውደቅ። ለጨጓራ በተደጋጋሚ ታክሞ ያልተሻለው፣ ደሙም ያነሰ የባትሪ ሠራተኛ ሲያጋጥም እርሳስን ማሰብ ይገባል። ጉዳቱ በሠራተኛው ላይ አይቆምም፤ በልብሱና በእጁ ይዞት የገባውን ብናኝ ልጆቹ ይውጡታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በደም ውስጥ 5 ማይክሮግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ የመጋለጡ ምንጭ ተፈልጎ ሊወገድ ይገባል። ምርመራው በቅርብ ባይገኝም ምንጩን ማራቅ ውጤት ሳይጠበቅ ሊጀመር ይችላል።

ማንጋኒዝ፣ ክሮምና ኒኬል። በብየዳ ኤሌክትሮድ ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ ለዓመታት ሲተነፈስ እንደ ፓርኪንሰን በሽታ ያለ የእንቅስቃሴ መዘግየትና የጠባይ ለውጥ ሊያስከትል ይችላል። የማይዝግ ብረት ሲበየድ የሚወጡት ክሮምና ኒኬል አስምና ካንሰር ያመጣሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ከሳንባ ነቀርሳ ጋር የሚምታቱ። የብረት ኦክሳይድ ብናኝ በሳንባ ውስጥ ሲጠራቀም በራጅ ላይ ትንንሽ የተበታተኑ ነጠብጣቦች ያሳያል። ሲዴሮሲስ የሚባለው ይህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ከባድ ሕመም ባያመጣም በመላ ሳንባ የተሠራጨ ነቀርሳ ሊመስል ይችላል። አክታው ነጻ የሆነ፣ ያልከሳ፣ የማያልበው በያጅ የስድስት ወር መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሥራው ሊጠየቅ ይገባል። በተቃራኒው ሲሊካ ያለበትን ድንጋይ የሚጠርቡና የሚፈጩ ሰዎች በእርግጥም ለሳንባ ነቀርሳ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የሥራ በሽታን ማሰብ የነቀርሳ ምርመራን ያጠናክራል እንጂ አይተካም። በያጆች ለሳንባ ምች ያላቸው ተጋላጭነትም ከፍ ያለ ስለሆነ በእንግሊዝ አገር የኒሞኮከስ ክትባት ይመከርላቸዋል።

በምርመራ ጊዜ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

በካርድ ላይ «ገበሬ» ወይም «የግል ሥራ» ተብሎ መጻፉ በቂ አይደለም። በበጋ ወራት ከተማ ገብቶ የሚበይድ ወይም ድንጋይ የሚጠርብ ገበሬ ብዙ ነው። የሚከተሉት ጥያቄዎች ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስዱም።

1. ሥራዎ ምንድን ነው? ከመታመምዎ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት በእጅዎ ምን ይሠሩ ነበር?
2. የሚሠሩት በዝግ ክፍል ነው ወይስ በውጭ? ጢስ፣ ብናኝ ወይም ሽታ አለ?
3. ሕመሙ በሥራ ቀን ይብሳል? በዕረፍት ቀን ይሻላል?
4. አብሮዎት የሚሠራ ወይም የሚያድር ሌላ የታመመ ሰው አለ?
5. ከዚህ በፊትስ ምን ዓይነት ሥራ ሠርተዋል? ለስንት ዓመት?

አጠያየቁ አክብሮት ይሻል። ባለ እጅ የሚባሉት ቀጥቃጮችና አንጥረኞች በየአካባቢው ለረጅም ዘመን በሙያቸው ሲናቁና ስም ሲወጣላቸው የኖሩ በመሆናቸው ሥራቸውን በግልጽ ለመናገር ሊያመነቱ ይችላሉ። ጥያቄው ለሕክምናው እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማስረዳትና በሰው ፊት አለመጠየቅ ይገባል።

መከላከል

ከሁሉ የሚቀድመው ምንጩን ማስወገድ፣ ቀጥሎ አየር ማስገባት ሲሆን፣ ጭምብል በመጨረሻ የሚመጣ ነው። በአጅባር ገበያ ዳር ላለ አንድ በያጅ የሚሰጠው ምክር ቀላልና የሚፈጸም መሆን አለበት። በተቻለ መጠን በውጭ ወይም በሩን ከፍቶ፣ ነፋሱን በጎኑ አድርጎ፣ ጢሱ ወደ ፊቱ በማይመጣበት አኳኋን ይሥራ፤ የዚንክ ልባጩን ከመበየዱ በፊት ከሚበየደው ቦታ ላይ ያንሣ፤ ጄኔሬተሩን ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት አርቆ ያስቀምጥ፤ በሥራ ቦታ አይብላ፤ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ይታጠብ፣ የሥራ ልብሱንም ይለይ። አፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ጢስን አያግድም። ለቅንጣት የተሠራ ትክክለኛ ጭምብል ብናኝና ጢስን ይቀንሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሌሎች ጋዞችን ግን አይከላከልም።

በሠራተኞች ዘንድ በሰፊው የሚታመነው ወተት መርዙን ያጥባል የሚል አሳብ ነው። ወተት ምግብ ነው፤ የሚሄደው ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም። በወተት የተማመነ ሠራተኛ በሩን መክፈት ስለሚተው ይህን በትሕትና ማረም ያስፈልጋል።

በሕግ በኩል ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትንና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ምትክ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙ እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ በሥራ ምክንያት ለመጣ በሽታም የሠራተኛውን መብት ይደነግጋል። ነገር ግን ራሱ አሠሪ ራሱ ሠራተኛ የሆነው በያጅ አሠሪ የለውምና ይህ ጥበቃ አይደርሰውም። ስለ ሥራው አየር የሚነግረው ሰው ቢኖር ያከመው የጤና ባለሙያ ወይም በየቤቱ የምትዘዋወረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብቻ ናት።

ማጠቃለያ

በሥራ ቦታ አየር ምክንያት የሚመጣ ሕመም ከሌላው በሽታ የሚለየው በመልኩ ሳይሆን በታሪኩ ነው። የደም እርሳስ መለኪያም ሆነ የጋዝ መመርመሪያ በሌለበት የጤና ተቋም እንኳ ታሪኩን መስማት ይቻላል። በካርዱ ላይ የሥራው ዓይነት በትክክል ከተጻፈ፣ ከአንድ የብየዳ ቤት የመጡ ሦስት ወጣቶች ተመሳሳይ ሕመም እንዳላቸው መዝገቡ ራሱ ያሳያል፤ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ወደዚያ ቤት ሄዶ አየሩን የሚያይበት ምክንያት ያገኛል። መድኃኒት የሚረዳው የታመመውን አንድ ሰው ነው፤ የተከፈተ በር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ላለው ሁሉ ይደርሳል።